«ቄብ ናት» ተብላ የተገዛችው ዶሮ ኩኩሉ ስትል

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። አጠያየቁ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፦ «እንቁላል ትጥላለች ብዬ ቄብ ገዛሁ። ሁለት ወር ቀለብኳት። አሁን ጎህ ሳይቀድ ኩኩሉ እያለች ጎረቤቱ ሁሉ አኮረፈኝ። ሻጩ ሸውዶኝ ነው ወይስ እሱም አያውቅም ነበር?»

አጭሩ መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የሚወስነው የዶሮው ዝርያና የተገዛበት ዕድሜ ነው። አንዳንዱን ዝርያ ገና ከእንቁላሉ እንደወጣ ቀለሙን አይቶ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ሌላውን ደግሞ ሦስት ወር እስኪጠጋ ድረስ ዕድሜ ልኩን ዶሮ የሸጠ ሰውም ይሳሳትበታል።

ቃሉን ለማታውቁት፣ ቄብ ማለት እንቁላል መጣል ያልጀመረች ታዳጊ ሴት ዶሮ ናት። ማስታወቂያ ላይ ግን ቃሉ ላላ ይላል። ቴሌግራም ላይ «የ45 ቀን ቄብ አለን» የሚል ስታዩ አንዳንዱ ሻጭ እውነትም የተለየ ሴት ነው የሚሸጠው፤ አንዳንዱ ደግሞ ታዳጊ ዶሮን በሙሉ ቄብ ይለዋል። ግማሹ ጭቅጭቅ የሚጀምረው እዚህች ቃል ላይ ነው።

ዶሮና ፒያሳ

ስሙ ራሱ ዶሮ ያለበት ሰፈር ነበረን፤ ዶሮ ማነቂያ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እሱም አብሮ ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄደ። ባልፈረሱት የአራዳ ግቢዎች ውስጥ ግን ዛሬም አንድ ቧንቧና አንድ መፀዳጃ ቤት ለስድስት ለሰባት አባወራ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በቆርቆሮና በሽቦ ወንፊት የተሠራች የዶሮ ቤት ታገኛላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ከተማ ውስጥ በጓሮ አምስትም አሥርም ዶሮ መያዝ ይበረታታል። የእንቁላል ዋጋ ራሱ ማንንም ዶሮ አርቢ ያደርጋል።

የጋራ ግቢ ውስጥ የአንድ ዶሮ ፆታ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ቤት ያለ አውራ የሰባቱንም ቤት እንቅልፍ ይነካል። መኖውም አለ። አንድ ታዳጊ ዶሮ ከ45 ቀኗ ጀምሮ እንቁላል እስክትጥል ድረስ ቢያንስ 6 ኪሎ መኖ ትጨርሳለች። አምስት ገዝታችሁ ሁለቱ አውራ ከሆኑ፣ 12 ኪሎ መኖ መቼም እንቁላል ለማይጥል ሄደ ማለት ነው። አውራ ዋጋ የለውም እያልን አይደለም፤ እንዲያውም ካወቃችሁበት በዓል ላይ ካሳውን ይከፍላል። እሱን ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ለምን 45 ቀን?

ለቤት አርቢ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ጫጩት አይደለም። እንደ ኢትዮ ቺክን ያሉ ትልልቅ ማስፈልፈያዎች የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊዎች ያከፋፍላሉ፤ አሳዳጊዎቹ ሙቀት እየሰጡና እያስከተቡ 45 ወይም 60 ቀን ድረስ ያቆዩትና ለቤተሰብ ይሸጡታል። ይሄ ለገዢ ጥሩ ነው፤ ጫጩት በብዛት የሚሞትበት ጊዜ አልፎ ነው እጃችሁ የሚገባው።

ለፆታ ግን 45 ቀን አስቸጋሪ ዕድሜ ነው። የአንድ ቀን የቀለም ምልክቱ በላባ ተሸፍኗል፤ ትክክለኛው የአዋቂ ላባ ደግሞ ገና አልበቀለም። መሀል ላይ ነው ያላችሁት። ስለዚህ የ45 ቀን ዶሮ ፊት ቆማችሁ «ሴት ነው ወንድ?» ከማለታችሁ በፊት «ዝርያው ምንድነው?» በሉ።

ቀለሙ የሚናገረው ዝርያ

ቦቫንስ ብራውን እና ሎማን ብራውን በጣም ቀላሎቹ ናቸው። ሁለቱም ለእንቁላል የተዳቀሉ ናቸው፤ ሴቷ ጫጩት ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይፈለፈላል። ሲያድጉም ሴቷ ቀይ ቡናማ ትሆናለች፣ ወንዱ በአብዛኛው ነጭ።

እንዴት ሆነ? የሰው ልጅን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው አይደል? በዶሮ ተገላቢጦሽ ነው። አውራው ሁለት «ዜድ» ክሮሞዞም አለው፤ ሴቷ አንድ «ዜድ» እና አንድ «ደብልዩ»። የጫጩቱን ፆታ የምትወስነው እናት ናት። ቀይ ወይም ነጭ የሚያደርገው የቀለም ዘር ደግሞ «ዜድ» ላይ ነው የተቀመጠው። አርቢ ድርጅቶቹ አባቱን ከቀይ፣ እናቱን ከነጭ መስመር ይመርጣሉ። ሴት ጫጩት «ዜድ» የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ስለሆነ ቀይ ትወጣለች። ወንዱ ከሁለቱም ያገኛል፤ ነጩ ስለሚያሸንፍ ነጣ ይላል። በቃ፣ ፆታው ቀለም ላይ ተጻፈ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለን። አንደኛ፣ ቦቫንስ ዋይትና ነጭ ሌግሆርን የሚባሉ ሴቱም ወንዱም ነጭ የሆኑ ዝርያዎች ስላሉ ነጭ ሁሉ ወንድ አይደለም። «ቦቫንስ ብራውን ነው» ተብላችሁ ነጭ ከቀረበላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ረከስ ካለ፣ ያኔ ጠርጥሩ። ሁለተኛ፣ ይሄ የቀለም ነገር የሚሠራው ከማስፈልፈያው በመጣው ትውልድ ላይ ብቻ ነው። የቦቫንስ ዶሯችሁን ከሰፈር አውራ ጋር አዳቅላችሁ ብታስፈለፍሉ ልጆቹ ላይ ሕጉ ይፈርሳል።

በነገራችን ላይ ይሄ ቀለም ጨለማ ጎንም አለው። የእንቁላል ዝርያ ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥል፣ ሥጋውም ቶሎ አይደርስ፤ ስለዚህ በዓለም ላይ በየዓመቱ ቢሊዮኖች በተፈለፈሉበት ቀን ይገደላሉ። ጀርመን ይሄን ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ አሁን እዚያ ጫጩቱ ሳይፈለፈል እንቁላሉ ውስጥ እያለ ፆታውን የሚለይ ማሽን ይጠቀማሉ።

ኮኮክ ሌላው ነው። ሙሉ ስሙ ፖችፍስትሩም ኮኮክ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዳቀለ፣ እኛ ጋ ደግሞ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የተዋወቀ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዶሮ። እዚህም ዝንጉርጉር የሚያደርገው ዘር «ዜድ» ላይ ስለሆነ ወንዱ እጥፍ ያገኛል፦ ስለዚህ ወንዱ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሴቷ ጠቆር ያለች ናት። በአንድ ቀን ጫጩትነታቸው ደግሞ የወንዱ አናት ላይ ሰፋ ያለ ነጭ ነጥብ ይታያል። 45 ቀን ላይ ጎን ለጎን አቁሟቸው፤ ልዩነቱ ፎቶ ላይ ሳይቀር ይታያል።

ሳሶ ላይ ስንደርስ ነው ነገር የሚበላሸው። አዲስ አበባ ጓሮ ውስጥ በብዛት የምታዩት ያ ቀይ፣ ፈጣን አዳጊ ዶሮ ነው። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ወንድና ሴቱ ሳይለይ ተደባልቆ ይሸጣል፤ የሚረዳን የቀለም ምልክትም የለውም። «የ45 ቀን ሳሶ ቄብ ብቻ» የሚላችሁን ሰው በምን እንደለየው ጠይቁት።

ድብልቅ ስትገዙ ደግሞ ሒሳቡን እወቁት። ስድስት ብትገዙ ሦስት ሦስት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ። አራትና ከዚያ በላይ አውራ የመሆኑ ዕድል ከ3 አንድ ያህል ነው። ስድስቱም ሴት የመሆኑ ዕድል ከ64 አንድ ነው። አራት አውራ የደረሰው ሰው የግድ አልተሸወደም፤ ዕጣው ነው።

ሐበሻ ዶሮ

በማዕከላዊ ስታትስቲክስ የ2013 ዓ.ም. ጥናት መሠረት ሀገሪቱ ውስጥ ካለው ወደ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮ 79 ከመቶ ያህሉ የሐበሻ ዶሮ ነው። ሐበሻ ዶሮ ግን አንድ ዝርያ አይደለም፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ አንገቱ ላባ የሌለው መላጣ፣ ሁሉም አለ። የአንድ እናት ጫጩቶች እንኳን እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ስለዚህ ቀለም ምንም አይነግራችሁም።

ሰዉ ብዙ ጊዜ የሚሄደው አናቱ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ነው። እንደ ሳሶና ቦቫንስ ባሉት፣ ሥጋው እንደ መጋዝ ጥርስ ቀጥ ብሎ በሚቆምባቸው፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ የወንዱ ከፍ ብሎ ይቀላል፤ የሴቷ አጭርና ገርጣ ያለ ሆኖ ይቆያል። አገጭ ሥር የሚንጠለጠለውም ሥጋ እንደዚያው።

ሐበሻ ዶሮ ላይ ግን ወጥመድ አለ። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ የተኛ፣ ትንሽ፣ የአተር ፍሬ የተደረደረ የመሰለ ነው። እንዲህ ያለው አውራ ሁለት ወር አልፎት እንኳን አናቱ ከሴት አይለይም። «ይቺማ ሴት ናት፣ ምንም የላት» ተብላ የምትገዛውና ኋላ ኩኩሉ የምትለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሻጩም ሳያውቅ ሊሸጠው ይችላል፤ እኛ ፍርድ ላይ አንቸኩልም።

የእማማ ምልክት

ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ሰባት ዶሮ የያዙ እናት አግኝተን ነበር። ዶሮዎቹ ሦስት ወር ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ገና ሳንጠይቃቸው «ሦስቱ ወንድ ናቸው» አሉን።

«እንዴት ለዩት እማማ?»

«አያችሁ ልጆች ያን ቀዩን? ወገቡን እዩት። ላባው እንደ ጦር ሹል ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል። የሷን ደግሞ እዩ፣ እንደ ማንኪያ ጫፍ ክብ ነው።»

«አናቱን አይተው አይደለም?»

«አናት ይዋሻል» አሉና ሳቁ። «ወገብ አይዋሽም።»

ልክ ናቸው። ሰፊ እርሻ ያለውም፣ ጓሮ ያለውም አርቢ በብዛት የሚተማመንበት ምልክት ይሄ ነው። ከጅራቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ላባ ተመልከቱ፦ ወንዱ ላይ ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ሹልና የሚያብረቀርቅ ላባ ከ10 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል፤ በሁለቱም ጎን ወደ ታች ይፈሳል። የአንገቱም ላባ እንደዚያው ሹል ነው። የሴቷ ላባ በዚያ ቦታ አጭርና ጫፉ ክብ ነው፣ ብዙም አያብረቀርቅም። ትንሽ ቆይቶ ወንዱ ጅራቱ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ረጅም ላባ ያወጣል፤ ያኔማ ጥያቄው አልቋል።

ሌላ የሚረዳው የእግር ውፍረት ነው። እኩያ ከሆኑት መካከል የአውራው እግር ወፍራም፣ መዳፉ ሰፋ ያለ፣ አቋሙም ቀጥ ያለ ይሆናል። እግሩ ኋላ ላይ የሚወጣው ሹል ግን ዘግይቶ የሚያድግ ስለሆነ ለታዳጊ አይጠቅምም፤ ያረጀች ሴት ላይም ሊበቅል ይችላል። መደባደብ ደግሞ ጭራሽ ምልክት አይደለም። ደረት ለደረት መጋጠም ሴቶቹም ያደርጉታል፤ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስኑት በዚያ ነው።

እዚህ ላይ የምንጨምረው አንድ ነገር፦ ዶሮን ብቻውን አይታችሁ አትፍረዱ። የአምስት ሳምንት ሳሶ ከሰባት ሳምንት ሳሶ ጎን ሲቆም የዕድሜ ልዩነቱ የፆታ ይመስላል። ማወዳደር ያለባችሁ በአንድ ቀን የተፈለፈሉትን፣ አንድ ዝርያ የሆኑትን ነው።

ለዚህ ደግሞ ስልካችሁ ጥሩ መሣሪያ ነው። በየዶሮው እግር ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ (በየሳምንቱ እያያችሁ አላሉት፤ እግሩ ሲወፍር ክሩ ሥጋውን ይቆርጣል)። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በቀን ብርሃን፣ ከጎን አንድ ከላይ አንድ ፎቶ አንሱ። ከላይ የሚነሳው ለወገብ ላባው ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሳምንት ላይ ፎቶዎቹን ስታስተያዩ፣ በየቀኑ ስታዩት ያላስተዋላችሁት ለውጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዶሮ የሚያውቅ ዘመድ ካላችሁም ፎቶው ይላክለት፤ ክፍለ ሀገር ያለች አያት ከብዙ ቪዲዮ ትሻላለች።

ቲክቶክ ላይ ያለው

ጫጩቷን በማጅራቷ አንጠልጥሎ «እግሯን ከሰበሰበች ሴት፣ ከዘረጋች ወንድ» የሚል ቪዲዮ ሳታዩ አልቀራችሁም። እንቁላል ላይ ቀለበት በክር አንጠልጥሎ ዞረ አልዞረ የሚልም አለ። አይሠሩም። ግማሹን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው ሰውን የሚያታልለው፤ ሳንቲም ብትወረውሩም እኮ ግማሹን ታገኛላችሁ።

የእንቁላል ቅርፅስ? «ሹሉ ወንድ፣ ክቡ ሴት» የሚባለውን ከቤተሰብ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ይሄ ክርክር በጣም የቆየ ነው። የግሪኩ አርስቶትል ረጅምና ሹሉ እንቁላል ሴት ነው ብሎ ጽፏል፤ የሮማው ፕሊኒ ደግሞ ክቡ ነው ሴት የሚወጣው ብሏል። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ያልተስማሙት ቅርፁ ከፆታው ጋር ስለማይገናኝ ነው። የእንቁላሉን ቅርፅ የምትወስነው የምትጥለዋ ዶሮ አካል ነው፤ አንዷ ዶሮ ሁልጊዜ ሹል ሹል ትጥላለች፣ ሌላዋ ክብ ክብ።

በአንድ ቀን ጫጩት ላይ እውነትም የሚሠራ የእጅ ዘዴ አለ፤ ጃፓናውያን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዳበሩት። የጫጩቱን የኋላ ቀዳዳ በቀስታ ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ኢምንት ጉብታ ማየት ነው። የሠለጠነ ሰው በሰዓት 1000 ያህል ጫጩት ይለያል። ያልሠለጠነ ሰው ግን ጫጩቱን ይጎዳል፤ ለአምስት ጫጩት ብላችሁ እንዳትሞክሩት። የክንፍ ላባ ርዝመት የሚታይበትም ዘዴ አለ፤ እሱም ለዚያ ተብለው በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ ብቻ ስለሚሠራ ሐበሻ ዶሮ ላይ አይጠቅምም።

ስለ ኩኩሉ

አንዳንዱ አውራ ሁለት ወር ሲሞላው ድምፁ እየተሰበረ መሞከር ይጀምራል፤ አንዳንዱ አራት ወር ይቆያል። ግቢው ውስጥ ትልቅ አውራ ካለ ታናናሾቹ ዝም ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ «አልጮኸም፣ ሴት ነው» ማለት አይቻልም።

ጃፓን ውስጥ የተደረገ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አውራ ዶሮ ብርሃን አይቶ ብቻ እንደማይጮኽ አሳይቷል፤ ሰውነቱ ውስጥ ሰዓት አለው፤ ሳይነጋ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር ይጀምራል። በኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ መጀመሪያ የሚጮኸው የመንጋው አለቃ እንደሆነ፣ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ እንደሚከተሉ አገኙ። እናም ጨለማ ሳጥን ውስጥ ብትከቱት እንኳን ሰዓቱ አብሮት ይገባል። ከጎረቤት ጋር ለመስማማት የምታስቡ ከሆነ ካርቶን ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ።

ሴት ዶሮ ስትጮህስ? አንዳንድ ቤት እንደ መጥፎ ምልክት ታይቶ ወዲያው ትታረዳለች። ምክንያቱ ግን አካላዊ ነው። ሴት ዶሮ እንቁላል የምታመርተው በግራው እንቁልጢዋ ብቻ ነው። እሱ በበሽታ ወይም በእርጅና ሲጎዳ በቀኝ በኩል ተኝቶ የነበረው ሊነቃና የወንድ ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል፤ ያኔ ትጮኻለች፣ ላባዋም ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ታዳጊ ዶሮ ከጮኸ ግን ይሄን ታሪክ አታምጡ፤ አውራ ነው።

ታዲያ አውራ ሆኖ ቢገኝ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ፦ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። ያለ አውራም እኩል ትጥላለች፤ እንቁላሉ አይፈለፈልም እንጂ። ጫጩት ካልፈለጋችሁ አንድም አውራ ማቆየት ግድ አይደለም። ከፈለጋችሁም ለስምንት ለአሥር ሴት አንድ ይበቃል።

ሦስት ወር ላይ ለይታችሁ ካወቃችኋቸው ግን ሁለት ነገር ትችላላችሁ። አንዱ መለየት ነው፤ በቦታም በመኖም። ሴቶቹ እንቁላል ሲጀምሩ የሚሰጣቸው የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ለአውራም ሆነ ገና ላልደረሰች ቄብ ኩላሊት አይስማማም። ብዙ ሰው ግን «እንቁላል ቶሎ ትጥልልኝ» ብሎ በሦስት ወሯ ይጀምርላታል። እስከ 17 ወይም 18 ሳምንት የቄብ መኖ ይበቃታል።

ሌላው በዓል ነው። ለዶሮ ወጥ ብዙ ቤት አውራ ይመርጣል፤ ቀይና ገብስማ ሲሆን ደግሞ ገዢው ብዙም አይከራከርም። ሾላም ሂዱ መርካቶ ዶሮ ተራ፣ የበዓል ዋዜማ የሚታየው ይሄ ነው። ስለዚህ የ45 ቀን ድብልቅ ስትገዙ ከበዓሉ ወደ ኋላ ሦስት ወር ቁጠሩ። ለእንቁጣጣሽ ሰኔ መጀመሪያ፣ ለፋሲካ ጥር ላይ። አውራዎቹ ለበዓሉ ይደርሳሉ፣ ሽያጫቸው የሴቶቹን መኖ ይደግፋል። በተቃራኒው ዐቢይ ጾም መሀል ላይ አውራ እጃችሁ ላይ ከደረሰ ገዢ የለም፤ በየቀኑ መኖ እየበላ ፋሲካን ይጠብቃል።

ከሁሉም በፊት ግን ስትገዙ ተነጋገሩ። ዝርያውን፣ የተፈለፈለበትን ቀን፣ የወሰደውን ክትባት፣ «የተለየ ነው ወይስ ድብልቅ?» የሚለውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቴሌግራም ላይ የተጻፈ መልስ ኋላ ማስረጃ ይሆናል። የተለየ ነው ካለና የሴት ዋጋ ካስከፈለ፣ ሦስት ወር ላይ አውራ ሆኖ ቢገኝ እንደሚቀይር አብራችሁ ተስማሙ። ድብልቅ ነው ካለ ደግሞ ዋጋው የድብልቅ ይሁን።

ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት

የሚያሳዝነው ስህተት ሌላኛው ነው፤ ሴቷን አውራ መስላቸው የሚያርዷት። እንዲህ ነው የሚሆነው፦ አራት ተኩል አምስት ወር ላይ እስከዛሬ ገርጣ ያለው አናቷ ድንገት ይቀላል፣ አገጯም ይቀላል። «ይኸው አውራ ሆነ!» ይባልና በዓል ከደረሰ ትታረዳለች። ሆዷ ሲከፈት የእንቁላል አስኳል ተደርድሮ ይገኛል።

በዚህ ዕድሜ መቅላት እንቁላል ልትጀምር መሆኗን ነው የሚናገረው። አውራ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሦስት ወር በፊት ነበር የሚቀላው፣ የወገቡም ላባ ሹል ይሆን ነበር። ጥርጣሬ ካላችሁ ጀርባዋን በእጃችሁ ጫን አድርጉ፤ ልትጥል የደረሰች ቄብ ክንፏን ትንሽ ከፍታ ቁጢጥ ትላለች። ከዚያ ከጅራቷ በታች ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ዳስሱ። በመካከላቸው አንድ ጣት ብቻ የሚገባ ከሆነ ጊዜ ይቀራታል። ሁለት ከዚያም በላይ ጣት መግባት ከጀመረ ቀርባለች። የቦቫንስ ዓይነቶቹ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ ሐበሻዋ ስድስት ሰባት ወር ልትቆይ ትችላለችና አትቸኩሉባት።

ያን ሰሞን ጥግ ላይ፣ ጨለም ባለ ቦታ፣ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ያለበት ካርቶን አስቀምጡላት። ካላገኘች የጎረቤት አልጋ ሥር ሄዳ ትጥላለች፤ ያኔ ደግሞ የእንቁላሉ ባለቤት ማነው የሚል ሌላ ጭቅጭቅ ይነሳል።